ውሃ የጠገበው ቀይ አሽ

ዕፀገነት መቱ ተወልዳ ያደገች የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ናት። ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር፤ የዳሪሙው ድልድይ ከተሰነጠቀ ወዲህ ግን ዕረፍት ጨርሶ ራቃት። የድልድዩን የኮንክሪት ወለል ያስሞላችው እሷ ናት። ሳምንት ሙሉ ከላይ ውሃ ስታስጠጣው ሰንብታለች። ውሃው ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ሲሚንቶው ውስጥ ውስጡን ደርቆ ሲኮማተር ወለሉ ተሰነጣጠቀ፣ የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ውስጡ ያለውን የፌሮ ብረት አዛገው። ቡና በሚጫንበት ወቅት ድልድዩ ለመኪና ተዘጋና ጆንያው ሁሉ በሰው ትከሻ ተሻገረ።

ሶር ወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ ሲጀመር ኢንጂነር ዮፍታሄ ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ።

«ከአሸዋው ከፊሉን በደቃቅ ቀይ አሽ እንተካዋለን» አላት። «ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። ሲሚንቶው ሲጠማው ከውስጥ ያጠጣዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን እያቋረጠች ቀይ አሹ ውሃ መጥገቡን ለማየት ከክምሩ ሥር ትመላለስ ጀመረች።

ወለሉ በሚሞላበት ጠዋት ክንዷን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከተተችው። ላዩ ርሷል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ለካ ክምሩን የሚያጠጣው ፓምፕ ቅዳሜ ተበላሽቶ፣ ሠራተኞቹ ሲነጋ በባልዲ ረጭተውበት ኖሯል።

«ዛሬ አይሞላም» አለች።

ፎርማኑ ቀጀላ ወደ ሰማይ አመለከተ። «እትዬ፣ ዝናቡን አያዩትም? ዛሬ ካመለጠን መቼ ልንሞላ ነው?»

«ደረቁን ከጨመርነው የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣበታል። ያኔ ከዳሪሙው የባሰ ይሰነጠቃል።»

ቀጀላ «ቶሌ፣ እሺ» አለና ሚክሰሩን አስጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ቀናት አለፉ፣ አላባራም። የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ እየደወለ ይቆጣል። ዕፀገነት ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ወዲያና ወዲህ ስትል ትውላለች። ተሳስቼ ቢሆንስ እያለች ራሷን ትጠይቃለች፣ ዮፍታሄን ደግማ ደጋግማ አስረዳኝ ትለዋለች። ሰማዩ ሲጠራ ውሃ የጠገበውን ቀይ አሽ አንጠፍጥፋ ወለሉን አስሞላች፤ ላዩንም በእርጥብ ጆንያ አስሸፈነችው።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ከዮፍታሄ ጋር ወለሉን ጎንበስ ብለው ፈተሹት። ከእግረኛው መተላለፊያ አጠገብ ፀጉር የምታክል አንዲት መስመር አገኙ።

«ላዩን ብቻ ናት፣ ፌሮው ጋ አትደርስም» አላት።

እሷ ግን ጫፍና ጫፏ ላይ በቀለም ምልክት አደረገች። እስካሁን መስመሯ አላደገችም። ዕፀገነት ደግሞ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዳ ሳታያት ውላ አታውቅም።