በግራ በኩል የተነሳ እጅ

በአጫራቾች ላይ የሚቀርበውን ቅሬታ የምትሰማዋን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ እስቲ» ነው የሚሏት። ፋይል ከመግለጧ በፊት «እስቲ አሳዩኝ» ትልና ወንበሮቹን ግድግዳ ታስጠጋለች። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽን በጨረታው ዕለት እንደነበሩት አቁማ ጨረታውን እንደገና ታስጠራለች። አዲስ የሚመጡ አለቆች ይስቁባታል፤ እሷ እቴ፣ ደንታም የላት። ሰው ሲያወራ የረሳውን ቆሞ ሲያሳይ ያስታውሰዋል ባይ ናት።

ያን ቀን የመጣው አናጢ ነበር። የሟች አባቱ ወርክሾፕ ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ፣ አባትየው ዕድሜ ልካቸውን እንጨት የላጉበትን ጠረጴዛ ለመግዛት ሄደ። እጁን እንዳነሳ መዶሻው ለሌላ ሰው ወረደ።

«እያዩኝ ነው የዘለሉኝ» አለ። «ከገዢው ጋር ተመሳጥረዋል። ፈቃዳቸው ይነጠቅልኝ።»

አጫራቹ ሸምገል ያሉ፣ ሽክ ብለው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ፈቃዳቸው የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ይህ ቅሬታ ያዘው። ከተነጠቁ ሌላ ሙያ የላቸውም፤ አለቀላቸው።

«እኔ ሌባ አይደለሁም» አሉ ተቆጥተው።

«ማን አለዎት ጋሼ? እስቲ ይጥሩልን።»

ጸሐፊዋና ዘበኛው ተጫራች ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አናጢው እንደዚያን ዕለቱ በአጫራቹ ግራ ቆመ። ጋሼ ጀመሩ። እንዴት ያለ አጠራር መሰላችሁ፤ እትዬ እስቲ የገዛ ወንበሯን ልትገዛ ምንም አልቀራት። አናጢው እጁን አነሳ፣ ደግሞም አነሳ። መዶሻው ለዘበኛው ወረደ።

«ይኸው!» አለ አናጢው።

እትዬ እስቲ ድምፅ ሳታሰማ ሄዳ ከአናጢው ጎን ቆመችና ቀስ እያለች ወደ ፊት መራመድ ጀመረች። አጫራቹ ከአፍንጫቸው ፊት ስትደርስ ክው ብለው «መቼ መጣሽ?» አሏት።

«ጋሼ፣ ግራ ዓይንዎ ማየት ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሚስቴም አታውቅም» አሉ። አናጢው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ማጭበርበር የለም» አለች እትዬ እስቲ። «ጨረታው ግን ይደገማል፤ ቅሬታው እስኪያልቅ ተብሎ ጠረጴዛው ከጨረታው አዳራሽ አልወጣም። ፈቃድዎም ይታደሳል፣ በግራዎ በኩል የሚያይልዎት ሰው ካቆሙ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለዎትንማ ዛሬ ሰሙ አይደል? ሌባ ነው ያለዎት።»

ጋሼ መዶሻቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ቤታቸው ሄዱና ለሚስታቸው ነገሯት።

ጨረታው ሲደገም ሚስትየው ደህና ቀሚሷን ለብሳ በባሏ ግራ ቆማለች። እትዬ እስቲ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ታያለች። የቀድሞው ገዢ ጥቂት ተፎካከረና ተወው። አናጢው እጁን ሲያነሳ ሚስትየው የባሏን ትከሻ ነካ አደረገች። ጋሼ በሙሉ አካላቸው ዞሩና ሰው ሁሉ እያየ አናጢውን ቀጥ ብለው ተመለከቱት።

«አይቼሃለሁ ልጄ» አሉትና መዶሻውን አወረዱ።