የአክስቴ ስሞኪ አይ

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ዋርድያ ነበረች። ቁመቷ የበራችንን ጉበን ለመንካት ጥቂት ነው የሚቀረው። ከአራተኛ ፎቅ ሆና "ማነው እዚያ?" ስትል ታች የቆመ ባለባጃጅ ሳይጠየቅ ሞተሩን ያጠፋል። እንግዲህ ሜካፕ መቀባት የተለማመድኩት በዚህች ሴት ፊት ላይ ነው።

ነገሩ የመጣው በሥራ ፍለጋ ነው። አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ የውበት ሳሎን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ባለቤቷ ሹሩባ እንደምሠራ፣ ጥፍር እንደምቀባ፣ ካስክ ሥር እንደማስቀምጥ ስዘረዝርላት ማስቲካዋን እያኘከች ሰማችኝና፣

"ስሞኪ አይስ?" አለችኝ።

"እችላለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ስሞኪ አይን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነበር። ከሽፋሽፍቱ ሥር ድቅድቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ቅንድብ ሲወጣ እንደ ጭስ እየሳሳ የሚጠፋ የዓይን ቀለም ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

"ጥሩ፤ እንግዲያው የሠራሽውን ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ" አለች። "የራስሽን ዓይን ግን አይደለም። የሌላ ሰው ይሁን፤ እጅሽን ማየት የምችለው ያን ጊዜ ነው።"

ጓደኞቼን ለመንኩ። አንዷ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት በቅርቡ አስተክላ ስለነበር ዓይኗ አጠገብ ዝንብ እንኳ እንዲደርስ አትፈቅድም። ሌላዋ "ፊቴ መለማመጃ ሜዳ ነው እንዴ?" ብላ ስልኩን ዘጋችው። አክስቴ ሶፋው ላይ ሽንብራ እየቆረጠመች ይህን ሁሉ ትሰማለች።

"ምንድነው እንዲህ የምትለማመጫቸው? እኔ ፊት የለኝም?"

"አለሽ እንጂ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ቀቢኝ። ይሄ ፊት ስንቱን ችሏል፣ ቀለም ነው የሚያቅተው?"

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አስተርጓሚም ነበረችን። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር የወሎ ሴት ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታለች። ቪዲዮው ያለው እሷ ስልክ ላይ ነው። በአማርኛ የሚያስተምሩ ሞልተዋል፤ ግን እጃቸው ይፈጥንብኛል። ይህችኛዋ ለጀማሪዎች ብላ ዝግ ትላለች፤ ችግሩ የምትናገረው በዓረብኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ስልኩን ይዛ እግሯን አጣጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ ቡኒውን ከዓይኗ እጥፋት ላይ አድርጊ፤ ከዚያ እንዳይታወቅ አድርገሽ አዋህጂው ትላለች።"

"ምኑ ነው እንዳይታወቅ?"

"የት ጀምሮ የት እንዳለቀ።"

"እንዳይታወቅ ከሆነ ለምን ይቀባል?" አለች አክስቴ። ጎረቤታችን ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው።

ለማዋሃድ ለስለስ ያለ ብሩሽ ያስፈልጋል። የእኔ የቀለም ፓሌት ይዞ የመጣው ጫፉ ላይ ስፖንጅ ያለው ቀጭን እንጨት ስለነበር፣ የአክስቴ ባል ለሬዲዮ ማጽጃ ከገዛቸው ብሩሾች አንዱን አዲሱን ተዋስኩ። ጋሼ የምንለው እሱን ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ መኝታ ቤት ውስጥ የሰው ሬዲዮ ይፈታል፤ ሲገጥመው አንዳንዱ ይሠራል።

ብሩሹን ወደ አክስቴ ዓይን ሳስጠጋ ክንዴን ጠምዝዛ ያዘችኝ።

"እትዬ! ለቀቅ አድርጊኝ!"

"ልማድ ነው" አለችና ለቀቀችኝ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"ሰው ፊቴ ቆሞ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።"

በስንት ልመና አንዱን ጨፈነች፤ በሌላው ትጠብቀኛለች። ቡኒውን አደረግኩ፣ ጥቁሩን ከሽፋሽፍቱ ሥር ደረብኩ፣ አዋሃድኩ። በእውነት አማረ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። የዓይኗ ሽፋን የተደፋ ዓይነት ነው፤ ስትገልጠው ሥራዬ በሙሉ እጥፋቱ ውስጥ ገባና ተሰወረ። ምንም ያልተቀባች ሴት ቁጭ ብላ ታየኛለች።

"ጨምሪ" አለች ጎረቤታችን።

"ቪዲዮው ላይ እንዲያ አለች?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

ጨመርኩ። አሁንም ሲገለጥ አይታይም። ከእጥፋቱ በላይ ወጣሁ፤ ታየ፤ ግን ግራው ከቀኙ በለጠ። ቀኙን አስተካከልኩ፤ ቀኙ በለጠ። ግራውን ደረስኩበት። "ከታችም ትላለች" አለች ጎረቤታችን፣ ከታችም አደረግኩ። እንዲህ እየተከታተሉ ሁለቱም ከላይ ቅንድቧ፣ ከታች የጉንጯ አጥንት ደረሱ። ጋሼ ብሩሹን ፍለጋ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ፣ ሚስቱን አየ፣ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋው።

"መስታወት አምጪ" አለች አክስቴ።

መስታወቱን ሳላነሣ ስልኳ ጮኸ። ከጎናችን ካለው ብሎክ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የነበሩት አሮጊት አርፈዋል። አክስቴ የዕድራችን የሴቶች ተጠሪ ናት፤ የሳህንና የብርጭቆ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚውለው እሷ ወገብ ላይ ነው። እሷ ካልደረሰች ምንም አይጀመርም። አሮጊቷን ደግሞ ትወዳቸው ነበር፤ እንባዋ ያኔውኑ መጣ።

"አታልቅሺ! ቆይ ልጥረግልሽ!" ብዬ ተነሣሁ። የውኃ ተራችን አልደረሰም፤ ጀሪካኑን ገልብጬው አንድ ጭልፋ እንኳ አልወጣውም። ጎረቤታችን "ቫዝሊን ያነሣዋል" አለች። ቫዝሊን አላነሣውም፤ አላላው። የነበረውን ጥቁር በእኩል ለመላው ጉንጯ አከፋፈለው። አክስቴ ከዚህ በላይ አልታገሠችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ እስከ አፍንጫዋ ጎተተችው፣ ቁልፏን አንቀጫቀጨችና በደረጃው ወረደች። እኔ ከኋላዋ።

ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነበር። አክስቴ እንደደረሰች ነጠላዋን ረሳችው። ማልቀስ ስትጀምር ደግሞ ግማሽ ማልቀስ አታውቅም። ቫዝሊኑ ያላላውን እንባዋ ጨረሰው። ሴቶቹ አንገቷ ላይ እየተጠመጠሙ ያለቅሳሉ፣ እሷም ራሷን በትከሻቸው ላይ ትጥላለች፣ ቀና ስትል ነጭ ነጠላቸው ላይ ክብ ጥቁር ማኅተም ይቀራል። ጥቂት ቆይቼ ድንኳኑን ስመለከት የታተመና ያልታተመ ሰው በቀላሉ ይለያል። ሳቄ መጣ፤ ለቅሶ ላይ ሳቅ እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ፊቴን ሸፍኜ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አንዲት እናት "አይዞሽ ልጄ፣ እንዲህ ትወጃቸው ነበር?" ብለው ጀርባዬን ደባበሱኝ።

ከኋላዬ ግን ሌላ ወሬ ሰማሁ።

"ዓይኗን አየሽው? ሁለቱንም እኮ ነው!"

"እሷን ማን ይደፍራታል?"

"ባሏ ነዋ። ዝምተኛ ሰው አይታመንም።"

ወሬውን ላስተካክል አፌን ስከፍት ሬሳው ወጣ፤ እንዴት ልናገር? ማታ ቤት ስንመለስ ለአክስቴ ብነግራት በድካም እንቅልፍ እየጣላት "ይበሉ፣ ይሰለቻቸዋል" አለች። አልሰለቻቸውም።

ከሠልስቱ በኋላ ሦስት የዕድር ሽማግሌዎች ከዘራቸውን እያስቀደሙ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው መጡ። አክስቴ ጎረቤታችን ጋ ወርዳ ነበር። ጋሼ ተቀብሏቸው ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው፤ እኔ ውኃ አቀረብኩ። በዚያ ሰሞን ዕድሩ አዲስ ድንኳን ይግዛ አይግዛ ተብሎ በስብሰባ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ አሮጌው ይበቃል ሲሉ፣ ጋሼ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃውሟቸው ነበር። ስለዚህ ሲያያቸው የመጡት በድንኳኑ ነገር ነው ብሎ አሰበ። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

የዕድሩ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ መቼም ሰው አብሮ ሲኖር የሐሳብ ልዩነት አይጠፋም። ግን አንተ እጅህን አነሣህ ሲባል ደነገጥን።"

"አንሥቻለሁ፤ አልክድም" አለ ጋሼ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ንዴት ነው?"

"የለም፤ አስቤበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።"

"የሰማይ ያለህ! ሰው እያየ?"

"ሰው እያየ ነው እንጂ። ተደብቄ ያነሣሁትን እጅ ምን ብዬ አነሣሁ ልበል?"

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሷስ? እሷ ምን አለች?" አሉ።

ጋሼ ፈገግ አለ። "እሷማ ሁለቱንም እጇን ነው ያነሣችው። በኋላ ሁለት አይቻልም ስትባል አንዱን አወረደች።"

"ማን ነው አይቻልም ያላት?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ! ሲቆጥሩ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ይህን ጊዜ የውኃ ማቅረቢያውን ሰርቪስ ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ነገሩ ገና እየገባኝ፣ መናገርም መሳቅም አቅቶኝ ቆሜያለሁ። በሩ ተከፈተና አክስቴና ጎረቤታችን ገቡ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሎኑን፣ ፓሌቱን፣ ቫዝሊኑን። አክስቴ ባሏን አየችው፣ እሱም አያት፤ ሬዲዮ ጠጋኙ እሷን መታ መባሉ ሲገባት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው "ምን ሆናችሁ?" ብሎ ተጣራ። ሳቋ ሲያበቃ ግን ዓይኗን ጠራርጋ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ አለች።

"መምጣታችሁ ደግ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን እውነት ይሆን ነበር። ነገም እንዲህ ያለ ስትሰሙ ደረጃው በዛ ብላችሁ እንዳትቀሩ።"

ሊቀመንበሩ አሁንም ግማሽ ልባቸው አላመነም። "ቀለም ብቻውን እንዲያ ያጠቁራል?" አሉ።

"እናሳያችሁ" አለች አክስቴ። ዓይኗ ባሏ ላይ አረፈ። "አንተ ነህ የተከሰስከው፤ ና ተቀመጥ።"

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍን ሳልለው ጨፈነ። ጎረቤታችን ቪዲዮውን በቃሏ ይዛው ነበር፤ "ቡኒ... አዋህጂ... ቀስ... አሁን ጥቁሩ፣ ትንሽ ብቻ" ትለኛለች። የጋሼ የዓይን ሽፋን ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ደግሞ ረጅም። ያን ሁሉ ዓመት በመነጽሩ ምክንያት አይተነው አናውቅም። ብሩሹ ራሱ መንገዱን ያወቀ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ከሶፋው ተነሥተው ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ አንደኛው "አያምም?" ብለው ጠየቁ።

ዓይኑን ሲገልጥ ማንም አልሳቀም። ጥቁሩ ከሽፋሽፍቱ ሥር ተነሥቶ፣ ቡኒ ሆኖ፣ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ጠፍቷል።

"ይሄ ሰውዬ እንዲህ ያለ ዓይን ነበረው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

አክስቴ ጎንበስ ብላ ስታየው ቆየችና በዚያ አራት ፎቅ በሚወርደው ድምፅዋ ሳይሆን በሌላ፣ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ "አምሮብሃል" አለችው። ጋሼ አፈረ።

ሽማግሌዎቹ መርቀውን ተነሡ። ጋሼ እንግዳ ሳይሸኝ አያውቅምና ስሞኪ አዩን እንደያዘ ታች ድረስ ሸኛቸው። ሲመለስ ደረጃው ላይ ያገኛቸው ጎረቤቶች በሙሉ ጤናውን እንደጠየቁት ነገረን፤ እሱም ለሁሉም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" ብሏቸዋል።

ከመታጠቡ በፊት ዓይኖቹን ብቻ አቅርቤ ፎቶ አነሣሁ። የሳሎኗ ባለቤት ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን በጣቶቿ እያሰፋች አየችው። ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

"ሞዴል ናት?"

"ዘመድ ነው" አልኩ።

"ሽፋሽፍቷ የራሷ ነው?"

"የራሱ ነው።"

አልሰማችኝም። ሰኞ ጀምሪ አለችኝ። መጀመሪያ አካባቢ ፀጉር ከማጠብና ወለል ከመጥረግ በቀር ብሩሽ አላስነካችኝም። ቆይቶ አንድ ቀን ሠርግ በዝቶ እጅ ሲያጥር አንዲት የሙሽራ ሚዜ ለእኔ ደረሰችኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ስትል ቀና ብላ አየችኝ፤ የዓይኗ ሽፋን የተደፋ ነው። ዓይኗን ልትጨፍንልኝ ስትል ከለከልኳት።

"አትጨፍኚ። ቀጥ ብለሽ እዪኝ፤ ሳትጨፍኚ ነው የምቀባሽ።"

"ሳልጨፍን? እንዴት ይሆናል?"

"ይሆናል" አልኳትና ቡኒውን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።