ትንሹ ፋብሪካ የተሸጠበት ዓመት

ያኔ የምሠራበት ሱቅ ዳላስ አጠገብ፣ ካሮልተን ውስጥ ነበር። ሱቁ የሚሸጠው አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለ ትንሽ ፋብሪካ በእጅ የሚሠራት፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት፣ ዋጋዋ ቤት የሚያስገዛ መኪና። ዳላስ ሀብታም አያጣም፣ ሶ ገዢ አልጠፋም። ባለቤቱ እዚያው ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ነበር፤ ከሱ ሌላ አንድ መካኒክና እኔ ነን። የኔ ሥራ መለዋወጫ ማስመጣት ነው። ሐበሻ ሲያገኘኝ የት ነው የምትሠራው ይለኛል፤ የመኪናዋን ስም እጠራለትና ዓይኑ ሲፈጥ እያየሁ ዝም እላለሁ። እኔ የምነዳው የቀኝ በሯ በገመድ የታሰረ አሮጌ መኪና መሆኑን ማን ጠየቀኝ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካው እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሱት የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ የሆኑ ሴትዮ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። እኔ የዳላስን ሙቀት ስነግራቸው እሳቸው የአገራቸውን ዝናብ ያማርራሉ፤ እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ። የለም ብለው መልሰውኝ አያውቁም። ዕቃው ካለቀ ከቢሮአቸው ጀርባ ወዳሉት ቆዳ ሰፊዎች ይሄዱና አዲስ ያሰፉልኛል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ነበር።

አንድ ቀን ግን ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ምነው ስላቸው ፋብሪካው ለአንድ ትልቅ የመኪና ኩባንያ ሊሸጥ መሆኑን ነገሩኝ። በዚያ ዘመን ነገሩ እንደ ጉንፋን ነበር፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይገዛሉ፣ ትልልቆቹም እርስ በርስ ይጋባሉ፣ ጋዜጣ በገለጥክ ቁጥር አንዱ አንዱን ጠቅልሎታል። የኛም ተራ ደረሰ ማለት ነው።

ለአለቃዬ ለሽማግሌው ስነግረው ከወንበሩ አልተነሳም። ስሟ ይቀራል እንጂ መኪናዋ አለቀላት አለ። ገዢዎቹ አርማዋን ነቅለው የራሳቸው መኪና ላይ ይለጥፉታል፣ ቆዳ ሰፊዎቹን ያሰናብታሉ፣ ከዚያ የቀረው ማስታወቂያ ብቻ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ነገር እወዳለሁ። ፋብሪካው ብቻውን አዲስ ሞተር ለመሥራት አቅም አልነበረውም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ አልኩት። ገንዘቡን እነሱ ያምጡ፣ እጁን እነዚያ ሰፊዎች ይስጡ፣ ይህ ምን ያስቸግራል? ደግሞስ ያን ያህል ከፍሎ የገዛውን ነገር የሚገድል ሞኝ አለ? አለቃዬ ሞልቷል አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንነታረክ ከረምን። መካኒኩ ጆሮውን በሬዲዮ ደፈነ።

ከዚያ ክርክሩ ደጃችን መጣ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሰው እየላኩ ወኪሎቻቸውን ያዩ ጀመር። ለደቡብ ግዛቶች በሙሉ የሚሆነውን መለዋወጫ አንድ ቦታ ሊሰበስቡት ነው፤ ወይ ሩቅ ያለው የራሳቸው ትልቅ መጋዘን ይወስደዋል፣ ወይ እኛ ጋ ይቀመጣል። አለቃዬ ነገሩን በግልጽ ነገረን። ዕቃው እኛ ጋ ካልቀረ ውክልናውም አይቀርም፣ እሱም በዚህ ዕድሜው ሌላ መኪና መሸጥ አይጀምርም፤ ይዘጋዋል። ባለቤቴ ደግሞ ልትወልድ አንድ ወር የቀራት ነፍሰ ጡር ናት፣ የሕክምና ኢንሹራንሳችን በኔ ሥራ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

የተላከችው ሴት ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰች ነበረች። ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየችና አለቃዬ ስልክ ላይ ሳለ በቀጥታ ወደኔ መጣች። የፋብሪካው ሴትዮ ስለኔ ነግረዋታል። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርባችን ነው፣ ዕቃ ወደፈለግንበት በዚያው ቀን ይሄዳል፣ ይህም ደስ ብሏታል። "የደቡቡን መለዋወጫ በሙሉ እዚህ አድርገነው አንተ ብትመራው ፈቃደኛ ነህ?" አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ አፌ ቁርጥ ይበልና፣ ምን አለ መሰላችሁ። "ኧረ እኔ ምኑን እችለዋለሁ፣ ከኔ የተሻለ ሰው አታጡም።" ይህን ብዬ ፈገግ አልኩና አንገቴን ደፋሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። እሷ ግልጽ መልስ ስለሰጠሁ አመሰገነችኝ፣ እጄን ጨበጠችኝ፣ አለቃዬን በእጇ ተሰናብታ ወጣች። እኔ አሁንም ትመለሳለች ብዬ በመስታወቱ አያለሁ። መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ባደግሁበት ቤት እንግዳ ብላ ሲባል በልቻለሁ ይላል። ሁለተኛ ሲለመን ኧረ ጠግቤአለሁ ይላል። ሦስተኛ ላይ በሞቴ ሲባል፣ ያኔ ቀረብ ብሎ ይቆርሳል። በመጀመሪያው እሺ ያለ እንደሆነ የራበው ይመስላል፣ ባለቤቱም ያልለመነ እንደሆነ ከልቡ አይደለም ይባላል። አሜሪካ እንደመጣሁ ጎረቤቴ ቤት በዚህ የተነሳ ጦሜን አድሬአለሁ። ሶ፣ የምግቡን ተምሬው ነበር። ሥራም እንደ ምግብ አንዴ ብቻ የሚቀርብ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ለባለቤቴ ኮል አደረግሁ። የሆነውን ነገርኳት።

"ሁለተኛ ትለምነኛለች ብለህ ነው?" አለችኝ።

"እና ወዲያው እሺ ልበላት? የተቸገርኩ እንድመስል?"

"ተቸግረሃላ! አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ማን ሁለቴ ሲለምን አይተሃል? ተነሥና ተከተላት። እፈልገዋለሁ በላት፣ በራስህ አፍ።"

ለአለቃዬ መንገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ከፈለግኸው ለምን አይ አልክ ይለኛል፣ እኔ ምን ብዬ ላስረዳው። ደሜ ፈላ፤ በሱ ሳይሆን በራሴ። ብቻ የኔ ነገር አልገባው ቢልም ኧርቪንግ በኩል ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ መሄዷን ነገረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምትበረው። ቁልፌን ሳወጣ መኪናዬን በመስኮት አየት አድርጎ ያቺ አታደርስህም አለኝና ማሳያ ክፍሉ ውስጥ የቆመችውን፣ ያችኑ የእንግሊዟን፣ ቁልፏን ሰጠኝ።

ስንት ዓመት ዕቃዋን ሳስመጣላት ሃይዌይ ላይ ነድቻት አላውቅም ነበር። ስድስት ሠላሳ አምስት የሚሉት ሃይዌይ ላይ ስወጣ ጭነት መኪናው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ቆዳዋ ይሸታል፤ መሪው ላይ ያለውን ስፌት በጣቴ ዳበስኩት። ይህንን የሰፋው ሰው እኮ አሁን እንደኔው ተጨንቆ ነው ያለው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያ ሳስብ እፍረቱ ትንሽ ለቀቀኝ። የኛ ዓይነት ሱቅ ከተዘጋ የሱም ሥራ ይቀንሳል፤ እኔ አንድ ቃል ባለመናገሬ እሱም እኔም ልንጠፋ አይገባም።

ፓርክ አድርጌ ሮጥኩ። ያኔ የማይሳፈር ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ መግባት ይችል ነበር። ጋዜጣ ስታነብ አገኘኋት። ስታየኝ የረሳችውን ዕቃ ያመጣሁላት መስሏት ቦርሳዋን ነካች። ላብ አጥምቆኛል። እንደምንም ስለ እንግዳውና ስለ ምግቡ፣ ስለ ሦስቱ ልመና ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። እንዲያውም ጋዜጣውን አጠፈችው።

"እኔ የጠየቅሁህ አንዴ ነው" አለች።

"አዎ።"

"ኦኬ። ሥራውን ትፈልገዋለህ?"

እውነቴን ነው፣ ምላሴ ከልማዱ አይ ሊል ሲል በጥርሴ ያዝኩት። አይታኝ ፈገግ አለች። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። በሞቴ ይባላል፣ እምቢ ካልከኝ እኔ ልሙት እንደማለት ነው አልኳት። ከባድ ነገር ነው አለችና ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ያ ሁሉ ተሳፋሪ መሀል፣ በዚያ ኮልታፋ አፏ፣ "በሞቴ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። "እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ።"

ውሳኔው የሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ግን የሰማችውን እንዳለ እንደምትነግርልኝ ነግራኝ ተሳፈረች። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ራት አቀረበችልኝ። ብላ ስትለኝ ከድካሙ የተነሳ አይ፣ ይቅርብኝ አልኳት። እሺ ብላ ሳህኑን አነሣችው። ኧረ መልሽው ብዬ ስጮህ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

መልሱ የመጣው ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው። ዕቃው እኛ ጋ ሆነ፣ ሱቁም አልተዘጋ። አዲሱ ሞተር ከትልቁ ኩባንያ መጣ፣ ቆዳ ሰፊዎቹም ከቦታቸው አልተነሡም። አለቃዬ መኪናዋ እንደ ድሮዋ አይደለችም እያለ ሲያጉረመርም ከበፊቱ ይበልጥ ሸጠ። እኔ በበኩሌ የገዛ ሰው ሁሉ ገዳይ አይደለም ባይ ነኝ፣ እዚያ ውስጥ ይህን አትንኩብን ብሎ በአፉ የሚናገር ሰው ካለ።

ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት ግን፣ አውሮፕላን ማረፊያ በሄድኩ ማግስት ጠዋት፣ ለፋብሪካው ሴትዮ ደውዬ ጉዴን ነገርኳቸው። ስቀው አላባሩም። ከዚያ የሳቸውን ነገር ጠየቅኋቸው። አዲሶቹ ሰዎች ጡረታቸውን ትንሽ አቆይተው ወጣቶቹን ሠራተኞች እንዲያስተምሩላቸው ጠይቀዋቸው ነበር። አይ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ለወጣቶቹ ልቀቅ ብለዋቸዋል። ሲነግሩኝ ድምፃቸው ቀጠነ።

መቅረት ይፈልጋሉ ወይ አልኳቸው። ኧረ ተወኝ አሉ። እውነትዎን ነው ወይ አልኳቸው። ከጀርባቸው የቆዳ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"በሞቴ" አልኳቸው በአማርኛ። አሁን ትርጉሙን ያውቁታል።

"ነገ አነጋግራቸዋለሁ" አሉ።

"ዛሬ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። "ዛሬ።"