በሰም የተነከረው ሹራብ

ባለፈው ቅዳሜ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ገበያ ከአንድ የልባሽ ጨርቅ ሻጭ ዘንድ ለልጄ ጃኬት ስፈልግ፣ ከክምሩ ሥር ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ ጥቁር የላስቲክ ልብስ ወጣና ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሻጩ ወሬ ይወዳል፤ ፈረንጆች በብርዳም ባሕር፣ ማዕበል ላይ በሳንቃ ሲንሸራተቱ የሚለብሱት መሆኑን፣ ላስቲኩ ሳይፈጠር በፊት ደግሞ በሱፍ ሹራብ ይገቡ እንደነበር ከስልኩ እያነበበ አስረዳን። ገበያተኛው ሲስቅ እኔ ጃኬት መፈለጌን ተውኩ። ያንን ሹራብ አውቀዋለሁ።

ያኔ በልጅነቴ ሰፈራችን ለቡ ገና የገብስ ማሳ ነበር፤ ክረምት ገብቶ ወንዛችን ሲሞላ እኛ የሰፈሩ ልጆች አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ በደረታችን ተኝተን እስከ ድልድዩ እንንሸራተት ነበር፣ ውሃው ግን አጥንት ድረስ ይገባል። አለቃቸው እኔ ነበርኩ፣ የአስራ ሁለት ዓመቷ ምላሰ መርዝ። ዳክዬ ላባዋን ቅባት ስለምትቀባ አይበርዳትም ያለንን አስተማሪ ሰምቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የጧፍ ቁራጭ ለቃቅመን ሰሙን በጣሳ አቀለጥንና ሹራብ ልንነክርበት ሆነ። የማንን? የራሴንማ ሞኝ ነኝ እንዴ! የጎረቤታችን ልጅ ብርቄ፣ «እኔንስ ቡድናችሁ ውስጥ አታስገቡኝም?» እያለች ስትለማመጠን የከረመችው፣ እናቷ በእጇ የሠራችላትን ብቸኛ ሹራቧን በደስታ አውልቃ ሰጠችን።

ሹራቡ ሲቀዘቅዝ እንደ ቁርበት ደረቀ። ያንን ለብሳ ውሃው ውስጥ እስከ አንገቷ ቆመች፤ እስከ ሁለት መቶ ልቆጥር ነው። መቶ ላይ ስደርስ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ልውጣ?» አለች። እኔ ደግሞ ራሴን እያከክሁ፣ «ውይ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ! ከአንድ እንጀምር» አልኩ፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ቆመች፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደገና ሁለት መቶ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣችና «አሁንስ ገባሁ?» ስትለኝ፣ «የፈተንነው ሹራቡን ነው፣ አንቺን ማን ፈተነሽ!» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ደጃችን መጥታ፣ «ሳንባ ምች ይዟት አልጋ ላይ ናት፤ ጓደኛዬን ጥሩልኝ እያለች ነው፣ ነይ እስቲ እናቴ» አለችኝ። የእኔ እናት አጠገቤ ቆማለች፤ የሹራቡ ነገር እንዳይወጣ ፈርቼ፣ «እኔ ጓደኛዋ አይደለሁም» አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አየችኝና «እሺ ልጄ» ብላ ሄደች።

ብርቄ ሳምንቱን አልጨረሰችም። ለቅሶ ቤት ከእናቴ ኋላ ተደብቄ ስገባ እናቷ አየችኝ፤ ክንዴን ይዛ ከዘመዶቿ መሃል አስቀመጠችኝና በመዳፌ ንፍሮ እየሞላች፣ ልጇ ጓደኛ አልነበራትም እንዳይባልባት መሰለኝ፣ «የልጄ ጓደኛ ናት» አለቻቸው። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡልኝ። እኔም ንፍሮውን በላሁ።

ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ጓደኛ አፍርቻለሁ፣ ጓደኛ ቀብሬያለሁ። እንደዚያች ልጅ የፈለገኝ ግን አንድም ሰው አልገጠመኝም።