ቤቱ ካልከፈተ አናዜምም

ኮሌጁ ውስጥ የወንዶች መዘምራን ቡድን እንዳለ ማንም አልነገረኝም፤ በጆሮዬ ነው ያገኘሁት። ደብረ ማርቆስ በገባሁበት ቀን ፍራሼን ተሸክሜ ማደሪያዬን ስፈልግ፣ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ አንድ ሰው ሲያዜም ሰማሁ። እንዴት ያለ ደረት ነው የሰጠው ብዬ ፍራሼን አስቀምጬ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። አንድ ሰው አልነበረም። ጋቢ የደረቡ ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የሁሉም አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን አንድ ድምፅ ነው። ጠጋ ብዬ የማን ድምፅ የት እንዳለ ልለይ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። እኔ በዜማ ቤት ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ዜማ ሰምቼ በቀላሉ አልደነቅም። ያን ቀን ግን የክንዴ ፀጉር ቆመ። ስመለስ ፍራሼ ላይ ውሻ ተኝቶበት አገኘሁ።

ቡድኑ መቼ እንደተመሠረተ የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደተመሠረተ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ የሁሉም እውቀት የተለያየ መሆኑ ነው። ግማሾቹ ከቧንቧው ነው የጀመረው ይላሉ። ውኃ በጠፋበት በአንድ በጋ ተማሪዎች ጄሪካን ይዘው ሲሰለፉ፣ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡት ጊዜውን ለመግፋት ማዜም ጀመሩ፤ ውኃው ከመጣ በኋላም ሰልፉ አልተበተነም። ይህንን ሲያወሩ እስቃለሁ፤ የማምነው ግን ሁለተኛውን ነው። የአንድ ተማሪ አባት አርፈው ጓደኞቹ ሊያስተዛዝኑት ወደ መርጡለ ማርያም ገጠር ሄዱ። ግቢው ገብተው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ቆሙ። እንደቆሙ የልጁ እናት ሙሾ አወረደች። አንዱ ተቀበላት፤ ቀጥሎ ሁሉም ተቀበሏት። ለቀስተኛው «እነዚህ ከየት የመጡ ናቸው?» እስኪል ድረስ፣ እሷ እያወረደች እነሱ እየተቀበሉ ዋሉ ይባላል።

የቡድኑ ትልቁ ሕግ የመጣው ከዚያ ልቅሶ ነው። ኮሌጁ ውስጥ፣ ምረቃም ሆነ በዓል ላይ፣ መሪያችን ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን። በሰው ደጅ ግን ከእኛ ወገን ማንም አያወጣም። በር የሚከፍተው ባለቤቱ ነው ይባላል። የቤቱ አባወራ የፈለገውን ይከፍታል፤ የአጨዳ ይሁን የሠርግ፣ መዝሙር ይሁን እንጉርጉሮ፣ የሰጠንን እንቀበላለን። ቤቱ ካልከፈተ አናዜምም። ትንሽ ቆመን፣ እግዜር ይስጥልን ብለን፣ እህል ውኃ ሳንቀምስ እንመለሳለን። ኪቦርድም ድምፅ ማጉያም የለንም። አንድ ጊዜ ኮሌጁ ኪቦርድ ገዝቶ ሰጥቶን ነበር፤ ከካርቶኑ ሳይወጣ የመሪያችን ልብስ መስቀያ ሆነ።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ገበሬው እፎይ ሲል፣ በተመራቂዎቹ መሀል እጣ ይወጣል። እጣው የወጣለት ልጅ ወላጆች ዘንድ ሁላችንም እንሄዳለን። ያልከፈተ ቤት አንድ ጊዜ ነበር ይባላል። አባትና ልጅ ተቀያይመው ኖረው፣ አባትየው በር ላይ ቆመው ዝም አሉ አሉ፤ ልጆቹም የመጡበትን መንገድ ተመለሱ። «ልጁ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብዬ ነባሮቹን ስጠይቅ ወሬ ይቀይራሉ።

ወደ ቡድኑ ለመግባት ፈተና የለም፤ ጥያቄ ነው ያለው። አዲስ ሰው በሁለት ነባሮች መሀል ይቆማል። ልምምዱ ሲያልቅ መሪው «ድምፅህን ሰማኸው?» ይለዋል። ሰማሁ ካለ ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ገና አልተዋሐደም፤ ከረድፉ ወጥቶ በጭብጨባ ከሚያጅቡት ጋር ይቆያል። መዋሸት አይሞከርም፤ በሁለት ሰው መሀል የቆመ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ድምፄን እወደው ነበር። እሰማው ነበር ብቻ አይደለም፣ እያዳመጥኩት ነበር የማዜመው። ስለዚህ ብዙ አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። «የመሪጌታው ልጅ በጭብጨባ ሊመረቅ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ድምፄ የጠፋኝ ቀን ሰማዩ ከብዶ ዝናብ ሊመጣ ነበር፤ የያዝነውም የአጨዳ ዜማ ነበር። እያዜምኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ ትንፋሼ ሲያጥር ይታወቀኛል፤ ደረቴ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፄ ግን የለም። ከግራዬም ከቀኜም ከውስጤም የሚወጣው ያው አንዱ፣ ያ መጀመሪያ ቀን ፍራሽ ያስጣለኝ ድምፅ ነው። ፈራሁ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ፍርሃት ከዚያ በፊት የማውቀው ልጅ ሆኜ በጥምቀት ታቦቱ በአጠገቤ ሲያልፍ ነበር። መሪያችን መጥቶ ሲጠይቀኝ «የለም» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። «ድምፄ» አልኩት። ከሻንጣው ጋቢ አውጥቶ አለበሰኝ። ተመራቂ ለአዲስ ገቢ የሚተወው ጋቢ ነው፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደለበሰው አይታወቅም። ጠርዙን ሻማ አቃጥሎት አንዱ በጥቁር ክር ጠቅሞታል። ነጭ ጋቢ በጥቁር ክር የሚጠቅም ወንድ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ባለ አንድ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየዋልኩ ጠዋትና ማታ ከእግራቸው ሥር ስለምማር፣ ሁለት ስም ነበረኝ የምጠራቸው፤ ቤት ውስጥ አባዬ፣ ወንበራቸው ፊት የኔታ። ያንን ወንበር እንድወርስ ነበር ሐሳባቸው። አሥራ ሁለተኛን አልፌ የሒሳብ መምህርነት ልማር ነው ስላቸው አልተቆጡም። መርቀው ሸኙኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ለመጀመሪያው ጥምቀት ወደ ቤት ስመለስ ነው። ከተማሪዎቻቸው ጋር ቆሜ ሳዜም አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትኩ። አባቴ ስሕተት ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ይመታሉ፤ ያ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አጥንቴ ውስጥ አለ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩት። አልመጣም። ቀና ስል እኔን አልፈው ሌላ ሌላውን ያያሉ። ማታ ቤት ስንገባ «የኔታ፣ ዛሬ እኮ ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው። «የኔታነቴ ለተማሪዎቼ ነው። አንተ አሁን እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ደግሞ አይታረምም» አሉኝ። ይህንንም ያሉት እጃቸውን እየታጠቡ፣ በለሰለሰ አነጋገር ነው። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ያበሉኛል፣ ይመርቁኛል፤ አርመውኝ ግን አያውቁም። እኔም የኔታ ማለቱን ተውኩ። ሰው በአባቱ ቤት እንዲህ ተከብሮ ሲያዝን አስቡት።

በመጨረሻው ዓመት እጣው በእኔ ላይ ወጣ። ሌሎቹ የጮቄ ድንች ልንበላ ነው ብለው ሲጨፍሩ እኔ መሪያችንን ወደ ጎን ጎተትኩት።

«እጣው ይደገም» አልኩት።

«እጣ የእግዜር ነው፤ አይደገምም።»

«አባቴ አይከፍቱም።»

«መሪጌታ ሆነው ዜማ ጠፋባቸው?»

«ዜማ አልጠፋባቸውም። ለእኔ አይከፍቱም።»

ፊቴን ትንሽ አየው። «እንግዲያው ቆመን እንመለሳለን» አለ። ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ።

እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«አባዬ መምጣታችንን ሰሙ?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ! ድንች አስቆፈሩ። በግም ታስሯል።»

«እሱን አይደለም የምልሽ፣ እማዬ። ይከፍታሉ ወይ?»

«የእሳቸውን ሆድ የሚያውቅ መድኃኔዓለም ነው፣ ልጄ። ብቻ ጋቢ ደርባችሁ ኑ፤ ብርዱ አይጣል ነው» አለችኝ። ስለ በጉ መስማቴ አላጽናናኝም። እንግዳ ማብላት ሌላ፣ ዜማ መክፈት ሌላ። በእኛ አገር ደመኛም ደጅ ከደረሰ ይበላል።

እስከ ሮብ ገበያ በአይሱዙ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በእግራችን ወጣን። ገብሱ ታጭዶ አልቆ ማሳው ገርጥቷል፤ ከላይ በኩል ሰው የሚያህሉት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ ጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ከሉማሜ የመጣው ጓደኛችን «ይህንን ብርድ ደብቀህ ነው ያመጣኸን» እያለ ይነጫነጫል። እኔ ቀድሜው ዳገቱን ወጣሁ።

ግቢው ጎረቤት ሞልቶታል። የአባቴ ተማሪዎች የበግ ለምዳቸውን ለብሰው አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከማድቤቱ በር ቆማለች። እኛ በሁለት ረድፍ ቆምን። አባቴ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡና በራቸው ላይ ቆሙ። እጅ ነሣን። እንደ ሕጉም ዝም አልን።

እሳቸውም ዝም አሉ። አንዲት ዶሮ በሁለቱ ረድፎች መሀል እየጫረች አልፋ ሄደች። ጎረቤቶቹ ለምን እንደማንጀምር ስላልገባቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ያልተከፈተለትን ያንን ልጅ አሰብኩ፤ ነባሮቹ ለምን ወሬ እንደሚቀይሩ ያኔ ገባኝ። መሪያችን በረጅሙ ተነፈሰ። እግዜር ይስጥልን ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ሃሌ ሉያ ብለው ከፈቱ።

የከፈቱት ተማሪዎቻቸው ብዙ የሚለፉበትን፣ ረጅምና ከባድ የአራራይ ዜማ ነው። መጀመሪያ ሊያሳፍሩን ነው ብዬ ነበር። መሪያችን ግን ተቀበላቸው። ከአብነት የመጡት ተከተሉት፤ የማያውቁት ደግሞ በሚያውቁት ትንፋሽ እየገቡ ተከተሉ። ያ ድምፅ መጣ። ከዚያ በፊት ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ በአባቴ ግቢ፣ ከአባቴ አፍ ተነሥቶ ሲመጣ ግን ሌላ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጥሩን የተደገፉት ተማሪዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ። የዚህን ያህል ዜማ ደረቴ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ድምፄም እንደ ልማዱ ጠፍቶልኝ ነበር።

መቋሚያው መሬቱን መታ።

ሁሉም ቀጥ አለ። ጓደኞቼ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

«ርክርኩን ማን ዋጠው?» አሉ አባቴ።

ርክርክ ድምፁ በጠጠር ላይ እንደሚያልፍ ውኃ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ነው። እውነት ለመናገር ሁላችንም ውጠነዋል። አንድ አፍ ለመሆን ስንል የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ማለስለስ ልማዳችን ነው። አባቴ ከበራቸው ወርደው በረድፋችን መሀል መጡ። መሪያችንን አለፉት። የሉማሜውን ልጅ አለፉት። እኔ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል፣ እኔ ራሴ ያጣሁትን ድምፄን እንዴት አድርገው እንዳገኙት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አንተ! ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

ስንት ጊዜ! ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገሩኝም።

«ድገመው» አሉ።

«እሺ፣ የኔታ» አልኩ።

ቃሉ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እንደ ጥምቀቱ ማታ ይመልሱብኛል ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«በል እንጂ!» አሉኝ። «እንግዶቹ በብርድ ቆመዋል።»

ዓይኔ ውኃ ሞልቶ እያለ ለብቻዬ አዜምኩት። ርክርኩ ጋ ስደርስ መቋሚያቸውን አንሥተው ጠበቁኝ። አለፍኩት። መቋሚያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አሳረፉት፤ ያን ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ከነርክርኩ ተቀበሉኝ። እናቴ ከማድቤቱ በር እልል አለች። ከዚያ በጉም ድንቹም ተበላ፤ እኔም ያን ቀን ከእንግዶቹ ጋር አልተቀመጥኩም፣ ከአባቴ ተማሪዎች ጋር ሆኜ ጠላ ቀዳሁ።

ስንመለስ፣ አይሱዙው ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን፣ መሪያችን ወደ እኔ ዞረ።

«ድምፅህን ሰማኸው?» አለኝ።

«ሰማሁት።»

ሕግ ሕግ ነው። በማግስቱ ልምምድ ላይ ከረድፉ ወጥቼ ከአዲሶቹ ጋር ቆምኩ፤ እስክመረቅም ድረስ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።