ኸድራ የፋቀችው ቀይ ጽሑፍ

ኸድራ በክልሉ መንግሥት እንግዳ ማረፊያ በጽዳት ስትቀጠር፣ ምድጃው ከካርቶኑ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። አዲሱ ክልል በተቋቋመ ማግሥት ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ፣ አራት ድስት በአንድ ጊዜ የሚጣድበት ነጭ የጋዝ ምድጃ ነው። ወጥ ሠሪዋ ጋዲሴ እሳቱን መቀነስ እስክትለምድ ድረስ ሽሮውም ወተቱም እየገነፈለ በላዩ ይደርቅ ነበር።

ጋዲሴ የመንዲ ሰው ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። «እኔ አቃጥላለሁ፣ አንቺ ትፍቂያለሽ፤ ሁለታችንም እንጀራ እንበላለን» ትላለች።

ኸድራ መፋቅ ታውቅበታለች። በትውልድ መንደሯ በሆሞሻ ሳለች ሠርግ ላይ ድስት ያረረበት ሁሉ ወደ እሷ ይልክ ነበር። የማሽላ አገዳ አቃጥላ አመዱን ትነፋና በውኃ ታላቁጠዋለች፤ ያረረው ላይ ለጥፋ በእርጥብ ጆንያ ትሸፍነዋለች። ሲርስ በግማሽ ሎሚ ታሸዋለች። እምቢ ያለውን በቅል ስባሪ ትገፋዋለች እንጂ ቢላ አታስነካም። ቢላ ብረቱን ይጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ የነገው ወጥ ይገባል።

ባሏ በወባ ከሞተ ወዲህ ልጇ ዐፊፋ ሆሞሻ ነበረች፤ በልጅቷ አጎት በዓብዱልባሲጥ ቤት። ዓብዱልባሲጥ ክፉ ሰው አይደለም። ማሽላው እንደተሰበሰበ ግን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሱዳን ሊሻገር ቆርጧል። «ቋሚ ሠራተኛ ነኝ የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጪና ልጅሽን ውሰጂ» ብሏታል። «በቀን ሥራ፣ በሰው ጓዳ እያደርሽ ልጅ አታሳድጊም።» ቋሚ ለሚሆኑት ከማረፊያው ጓሮ አንዳንድ ክፍል ይሰጥ ነበር። ኸድራ የራሷን ክፍል አስቀድማ መርጣ ነበር፤ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ያለችውን።

ለቋሚነት ማንበብና መጻፍ ይጠየቃል። ኸድራ በደርግ ጊዜ ያገኘችው የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነበራት። ያኔ ዘማቹ መምህር ከሰሌዳው ላይ እየጠቆመ በዜማ ሲያስደግማቸው፣ እሷ የያዘችው ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነው። በፈተናው ዕለት ገጹ ሲገለጥላት ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ ወረደችው፤ መምህሩ አጨበጨበላት። አማርኛው ራሱ ግማሹ አይገባትም ነበር። አላጭበረበረችም፤ ማንበብ ማለት ያ ነበር የመሰላት።

የቅጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ጧት እንደሚመጣ ተነገረ። ኸድራ ረቡዕ ዕለት ምድጃውን እንደ አዲስ ልታደርገው ተነሣች። ላዩን ጨርሳ ወደ ጎኑ ስትዞር፣ ከታች አካባቢ ቀይ ነገር ፈሶ ደርቆ አየች። ሎሚ አልበገረውም። በርበሬና ዘይት አብሮ ሲያር እንደዚህ ነው፤ ይጣበቃል። አመዱን አወፍራ ለጥፋ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ተወችው። ከሰዓት በኋላ በቅል ስባሪዋ ስትገፋው ልጥ ልጥ እያለ ተነሣ። ጋዲሴ ከገበያ ስትመለስ ምድጃው ያንጸባርቅ ነበር።

ሐሙስ የንብረት ክፍሉ ደባልቄ ከጸሐፊው ጋር ገባ። ደባልቄ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። የክልሉ ንብረት እንዳይጠፋ ተብሎ ወንበሩም አልጋውም ማቀዝቀዣውም ድስቱም ላይ በቀይ ቀለም ፊደልና ቁጥር የጻፈው እሱ ነው።

«ኡስታዝ፣ እየው!» አለችው ኸድራ፤ ፊደል የቆጠረን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምትጠራው። «ዛሬ የመጣ ይመስላል።»

«ኧረ ጢሜን ልላጭበት! መስተዋት አደረግሽው እኮ» አለ ደባልቄ። ከዚያ ወደ ጎኑ ጎንበስ አለ። «ጽሑፉስ?»

«ምን ጽሑፍ?»

«ቀዩ። በእጄ የጻፍኩት።»

ኸድራ ሳቀች፤ አማርኛዋ ዛሬም ሰባራ ነው። «እሱ ወጥ ነው። ጋዲሴ አቃጠለ፣ እኔ አወጣ።»

«እኔ እንኳ ጎኑን ወጥ አብልቼው አላውቅም» አለች ጋዲሴ። ወዲያው ነገሩ ገባትና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ደባልቄ ፈጠን ብሎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቸኩዬ ስጽፍ ቀለሙ ወርዶ ወጥ መስሎ ነበር፤ ማንም ይሳሳታል» አለ።

ጸሐፊው ማስታወሻውን ገለጠ። «ይሁን። እስቲ ወይዘሮ ኸድራ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ያንብቡልን።»

ኸድራ ወደ ማቀዝቀዣው በር ሄዳ ቆመች። ያቺ የሆሞሻዋ የፈተና ገጽ ከነዜማዋ አፏ ላይ መጣች። እዚህ በር ላይ ያለው ግን ያ ገጽ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«ይሄን» አለች፣ «ይሄን እኔ አልተማረም።»

ጸሐፊው ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቋሚነቱ ስምንተኛ ክፍል ለጨረሰች ልጅ ተሰጠ። ኸድራ በቀን ሠራተኛነት እንድትቆይ የተፈቀደው በደባልቄ ልመና ነው። ጋዲሴ ሦስት ቀን ቀልድ አልወጣትም። «እኔ ባላቃጥል አንቺ ምን ያስፍቅሽ ነበር?» እያለች አለቀሰች።

«አንተ ወጥ ሠራ፤ እኔ ፋቀ» አለቻት ኸድራ። «ጥፋት የለም።»

በሳምንቱ ሆሞሻ ወረደች። ዓብዱልባሲጥ ደብዳቤውን ሲጠይቃት የሆነውን ሁሉ በቋንቋቸው ነገረችው። አጎንብሶ ሰማት፤ ከዚያ፣ «ከፈለግሽ ዛሬም ልጅሽ ናት። ግን የት ታሳድሪያታለሽ?» አላት። ኸድራ የዐፊፋን ጸጉር አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ እስኪመሽ ሠራችላት።

በማግሥቱ ጧት ቤተሰቡ ጭነት መኪና ላይ ወጣ። ዐፊፋ ከማሽላው ጆንያዎች በላይ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም።

«እማ፣ ከዚህ ላይ ሁሉም ይታያል!» አለች።

«ገመዱን ያዢ» አለች ኸድራ። «በሁለት እጅሽ።»

ልጅቷ በሁለት እጇ ያዘች። መኪናው ሲነሣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ትስቅ ነበር፤ ለመሰናበት የሚተርፍ እጅ አልነበራትም።