በአዛን የሚዋጥ ኪኒን

መካነ ሰላም ላይ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ዩሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው ዓይን ይለበልባል። የገባሁት የምርጫ ታዛቢ ሆኜ፣ ቆጠራው ልክ አይደለም ብዬ በጽሑፍ ስላመለከትኩ ነው። አሁን ደግሞ «የጻፍኩት ሐሰት ነው» ብዬ እንድፈርም ይፈለግ ነበር።

ውስጥ አንዲት የወግዲ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ስለተሰወረ በእሱ ፈንታ የተያዙ። ቅልጥማቸው ላይ ቁስል ተከፍቶ፣ ቅላቱ ወደ ጉልበታቸው ይወጣል።

«ማን ልኮሽ መጣሽ?» አሉኝ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

እህታቸው ከጤና ጣቢያ አሞክሳሲሊን አምጥታላቸዋለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ። የሁለታችንም መርማሪ ግን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ደስ ሲለው አንድ ይሰጣቸዋል። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ስያዝ የማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ይህን ባዮሎጂ ላይ ተምሬው ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቁስልዎ ውስጥ ያለችው ጀርም ግድግዳዋን የምትሠራው ከሁለት ዓይነት ስኳር ነው» አልኳቸው። «እያፈራረቀች ሰንሰለት ታደርጋቸዋለች፤ ሰንሰለቶቹን ደግሞ በፕሮቲን ታስተሳስራለች።»

በትክክል ፕሮቲን አይደለም፤ አጭር የአሚኖ አሲድ ድርድር ነው። ለእሳቸው አሳጠርኩት።

«ከስኳር? እኛ ሻዩን እንኳ ያለ ስኳር እየጠጣን፣ እሷ ቤት ትሠራበታለች? ወላሂ፣ ባለጊዜ ናት!»

«መድኃኒቱ ማስተሳሰሩን ይከለክላታል። ግድግዳዋ ሳይተሳሰር ስታድግ ውሃ ገብቶባት ትፈነዳለች። ካቋረጡት ግን የተረፈችው ግንባታዋን ትቀጥላለች። ሰዓቱ መዛነፍ የለበትም።»

የእጅ ሰዓቴን ወስደውብኛል። ከመስጊድ አዛን ግን ይሰማል፦ የንጋቱ ሱብሒ፣ የቀትሩ ዙሁር፣ የምሽቱ ዒሻ። እኩል ስምንት ሰዓት አይራራቁም፤ የተሻለ አልነበረንም።

በሱብሒ የብረቱን በር አንኳኳሁ። ማንም አልመጣም። በዙሁር ደገምኩ። መርማሪው ከፍቶ ጣቶቼን በዱላ መታኝ።

«ዶክተርም ሆንሽልኝ! ፈርሚና ኪኒኑን በሙሉ ውሰጂላት። እምቢ ካልሽ እግሯን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ።»

ወረቀቱን ዘረጋ። እውነቱን ለመናገር፣ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ነበር።

«አንቺ!» አሉ ሴትየዋ ከጥግ። «እግሩ የኔ ነው። በኔ እግር አትፈርሚ።»

እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ለዒሻ ጣቶቼ አብጠው አልታጠፍ አሉኝ። አዛኑ ሲጀምር ግን በሩ ተደበደበ፤ ሴትየዋ እየተንፏቀቁ ደርሰው በኮንጎ ጫማቸው ይመቱታል። አንድ ኪኒን በበሩ ሥር ተወረወረ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አንኳኳን። በአራተኛው መርማሪው ሳንጠራው መጣ፤ እየተሳደበ፣ ግን በሰዓቱ።

ከተፈታን ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ጣቴ አይታጠፍም፤ ጠመኔውን በሌሎቹ እይዛለሁ። ሴትየዋን አልፎ አልፎ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ያነክሳሉ፤ በሁለት እግራቸው ግን። አመስግነውኝ አያውቁም። «ባለጊዜዋ ደህና ናት?» ይሉኛል፣ ሳይቆሙ። ደህና ናት እላለሁ። ያን «ፕሮቲን» ያልኩትን እስከ ዛሬ አላረምኩላቸውም፤ እሱ ብቻ ይቆረቁረኛል።